ቁልቁል የተለካ ሊትር

ወላሂ ቤንዚን ሰርቄ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ደሴ ላይ ጀማሉዲን ሲባል ሃያ ስምንት ሊትር ቤንዚን ያጠፋው ሰውዬ ማለት ነበርና። ሻይ ቤት ስገባ አንዱ ብድግ ብሎ ሲጋራውን ያጠፋል፤ "እሳት እንዳይነሳ ነው" ይላል፣ ቤቱ ይስቃል። እኔን አያስቀኝም ነበር። በዚያ ዘመን በአብዮቱ ንብረት ላይ አሻጥር ሠራ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ሥራዬ ሞተረኛነት ነው። መሥሪያ ቤቱን በስሙ አልጠራውም፤ የከብት ክትባት የሚያድል ነው፣ ይበቃል። በሳምንት ሦስት ቀን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ በአውሮፕላን የመጣውን ክትባት በበረዶ እንደታሸገ እቀበላለሁ፣ በረዶው ሳይሟሟ ይዤው እወጣለሁ። የምነዳት ዶቅዶቄ ጀርመን ሠራሽ ነች። አንድ ጀርመናዊ የመንገድ መሐንዲስ አገር ላገር ሲዞርባት ኖሮ አብዮቱ ሲፈነዳ ጥሏት ሄደ። ከፊት የንፋስ መከላከያ፣ ከግራና ቀኝ ሁለት የብረት ሳጥን፣ ሁለት ሰው ተንሰራፍቶ የሚቀመጥበት ወንበር አላት። እኔ እጅ ስትገባ ኪሎሜትር መቁጠሪያዋ ዘጠና ሺህ አልፎ ነበር። ቢሆንም በፒያሳ ሳልፍ ሰው ዞሮ ያያል፤ እኔም ዞሮ ማየቱን ዞሬ አያለሁ። ባለቤቴ ረሂማ "ያገባኸው እኔን ነው ወይስ እሷን?" ትለኝ ነበር።

"በሊትር ስንት ትሄዳለች?" ብሎ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ወዴት?" እላለሁ። ይናደዱብኛል። ታዲያ ምን ልበል? ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎሜትር ነው። ከከተማው እስክወጣ ትንሽ ትጠጣለች፤ ከዚያ በኋላ ማርሹን ነፃ አድርጌ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ፍሬን እየያዝኩ መውረድ ነው። ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ የደሴ ሾፌር ሁሉ የሚወርደው እንዲያ ነው። ስወጣም ያው ሃያ አምስት ኪሎሜትር ነው፤ ግን መሃሉ ላይ ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ። ሳጥኖቹ በበረዶ ተሞልተው፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ያረጀ ካርቡራተሯ እያሳላት ሁለት ሊትር ተኩል ትጨርሳለች። ደርሶ መልሱ ሦስት ሊትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ይህን ለማወቅ ምንም ትምህርት አያስፈልግም፣ ሐረጎ ላይ ቆሞ ወደ ታች ማየት ይበቃል።

በዚያ ዓመት ቤንዚን በኩፖን ሆነና በመሥሪያ ቤታችን የነዳጅ ቁጠባ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰባት አባላት አሉት፤ ከሰባቱ አንድም መሪ ጨብጦ የሚያውቅ የለም። ሊቀመንበሩ ጓድ ወርቅአፈራሁ ነው። ድሮ መዝገብ ቤት ፋይል ሲያወጣና ሲያስገባ የኖረ፣ ስድስት ወር ለፖለቲካ ትምህርት ተልኮ ካኪ ለብሶ የተመለሰ ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ረግሜው እገላገል ነበር።

ኮሚቴው እያንዳንዱ ተሽከርካሪ በሊትር ስንት እንደሚሄድ በተግባር ይለካ ብሎ ወሰነ። መጀመሪያ የኔዋ ተመረጠች፤ ትልቅ ስለሆነች ብዙ የምትጠጣ መሰላቸው። የሚለካው ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ይሁን ተባለ። ለምን ቢባል ኮሚቴው ያለው ደሴ ነው፣ ጥሩ ጥብስ ያለው ደግሞ ኮምቦልቻ ነው።

የላንድሮቨሩ ሾፌር ጋሼ በላቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት የነዱ፣ አንድ ቃል ከተናገሩ ለሳምንት የሚበቃቸው ሽማግሌ ናቸው። የዚያን ቀን ጠዋት ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

"ስማ ጀማል፣ ዛሬ ሞተሩን እንዳታጠፋ። በማርሽ ውረድ። ዳገቱን የማይለኩልህ ከሆነ ቁልቁለቱን አታሳምርላቸው።"

"ጋሼ፣ አብሽሩ። ዛሬ ጉድ ነው የማሳያቸው።"

"እሱን እኮ ነው የፈራሁት" አሉና ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ምነው በሰማኋቸው! ግን ሰባት ሰው ቆሞ ያየኛል፣ ኩፖን ያዧ ሥርጉት ሳይቀር በመስኮት አንገቷን አውጥታለች። ታንከሩ እስከ አፉ ተሞላ። አስነሳሁ፣ ከተማውን ለቀቅኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም። ሐረጎን ስወርድ ከንፋስ ድምፅ በቀር ምንም አልነበረም፤ የወርቅአፈራሁ ላንድሮቨር ከኋላዬ እያቃሰተ ይከተላል። ኮምቦልቻ እስክንደርስ ቁልፉን የነካሁት ሜዳው ላይ ብቻ ነው። እዚያ ታንከሩ እንደገና እስከ አፉ ሲሞላ ክትባት በምንለካበት የመስተዋት ብልቃጥ ለኩት። ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊሊትር ገባ። ሩብ ሊትር!

ጓድ ወርቅአፈራሁ ወረቀት አውጥቶ አባዛ። ሃያ አምስት ሲባዛ በአራት። ሁለት ጊዜ ደጋገመው፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ወጣ።

"ጓዶች! በአንድ ሊትር መቶ ኪሎሜትር! በጀርመናዊው እጅ ሃያ ኪሎሜትር ስትሄድ የነበረች ሞተር በሠርቶ አደሩ እጅ መቶ ሄደች!"

ተጨበጨበ። ትከሻዬን ያልመታኝ የለም። ጥብሱ ሲመጣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ያጎረሰኝ ሊቀመንበሩ ነው። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ? ከምሳ በፊት ወደ በላይ አካል ስልክ ተደውሎ ቁጥሩ ሄዷል።

የወሩ ኩፖን ሲሰጠኝ ስድስት ሊትር ነው። በወር አሥራ ሁለት ጉዞ፣ ስድስት መቶ ኪሎሜትር፣ በሊትር መቶ፤ ስድስት። ሒሳቡ እንከን የለውም። በሁለተኛው ጉዞ አለቀ። ሮጬ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ የለካነው እኮ መውረዷን ነው። መውጣቱስ?"

"መንገዱ ያው አይደለም?"

"ያው ነው።"

"ኪሎሜትሩስ?"

"እሱም ያው ነው።"

"ታዲያ ቤንዚኑ በምን ይለያያል?"

"ዳገት ነዋ!"

ብዕሩን አስቀመጠና በሐዘን አየኝ። "ጓድ ጀማሉዲን፣ ዳገት የአስተሳሰብ ጉዳይ ነው።"

ክትባቱ ኮምቦልቻ ላይ ከሚበላሽ ብላ ሥርጉት ከመጠባበቂያው ኩፖን እየቆረጠች ሰጠችኝ። እያንዳንዷን ሊትር ፈርሜ ነው የወሰድኩት፤ የሰረቀ ሰው ይፈርማል እንዴ? ወሩ ሲያልቅ ሠላሳ አራት ሊትር ሆነ። ከስድስቱ በላይ ያለው ሃያ ስምንት ሊትር የት ገባ ተባለ። ሞተሯ እንዳልጠጣችው በብልቃጥ ተረጋግጧል። እንግዲያው ጀማሉዲን ሸጦታል። ደብዳቤው ላይ "የኢኮኖሚ አሻጥር" የሚል ቃል ሰፍሮ አየሁ።

ቤት ገብቼ ስነግራት ረሂማ አልጮኸችም። የፊት ለፊት ጎረቤታችን በሁለት ኩንታል ስንዴ የተነሳ ከተወሰደ ዓመት ሆኖታል፤ ሚስቱ በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ትሄዳለች፣ የያዘችውን ይዛ ትመለሳለች። ረሂማ በመስኮት የዚያችን ሴት በር ስታይ ቆየችና "የለካችሁበትን መንገድ ወደ ላይ ለኩት በላቸው፣ አፈር ስሆን" አለችኝ። የኮምቦልቻ ልጅ ነች፤ ዳገቱን ታውቀዋለች።

እንዳለችው ጠየቅኩ። ጓድ ወርቅአፈራሁ ሳያቅማማ ፈቀደ፤ በቁጥሩ አምኖበታላ! "እኔ ራሴ ከኋላ ተቀምጬ እመዘግባለሁ" አለ። ኮምቦልቻ ላይ ታንከሩ ተንጠፍጥፎ፣ አንድ ሙሉ ሊትር ተለክቶ ተጨመረ። በእሱ ሒሳብ ሩብ ይበቃታል፣ ቀሪው ቸርነት ነው። ላንድሮቨሩ ይከተለን ስለው ደግሞ "አንድ ሊትር ይዘን መኪና ማስከተል ብክነት ነው" ብሎ ጋሼ በላቸውን አስቀድሞ ላካቸው። ጋሼ ሲያልፉን በመስኮት አይተውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዘጠኝ ኪሎሜትር ሄደን፣ ሐረጎ ዳገት ላይ፣ ሁለት ጊዜ አሳላትና ቀጥ አለች።

"ምን አደረግሃት?" አለ ከኋላዬ።

"አለቀ።"

"አይቻልም።" ወርዶ ታንከሩን ከፈተ፣ ዓይኑን አስገብቶ አየ፣ በእጁ አንኳኳ። ከዚያ ማስታወሻ ደብተሩን ገልብጦ ቁጥሩን አየ። እንደገና ታንከሩን አየ። ወላሂ አሳዘነኝ።

መግፋት ነው እንግዲህ። ባዶዋን ከሁለት ኩንታል በላይ ትመዝናለች። እኔ መሪውን ይዤ፣ እሱ ከኋላ ትከሻውን ሰጥቶ፣ ሃያ እርምጃ ሄደን ድንጋይ እናስደግፋታለን። ያ የካኪ ኮት መጀመሪያ ቁልፉ ተፈታ፣ ቀጥሎ ወለቀ፣ በመጨረሻ ሳጥን ውስጥ ገባ። ጫማው ባለ ረጅም ተረከዝ ነበር፣ የጊዜው ፋሽን፤ በአንዱ መታጠፊያ ላይ የግራው ተረከዝ ሄደ። ሁለት አህያ ጭነው ወደ ደሴ ገበያ የሚወጡ ሴትዮ ደረሱብንና ቆመው አዩን።

"እናንተ ልጆች፣ ይቺ ነገር መሸከሟ ቀርቶ መሸከም ጀመራችኋት?"

"ቤንዚን አልቆ ነው እናቴ" አልኳቸው።

"ኧረ ዳገት ነው! ዳገት ላይ አህያም ገብስ ይጨመርላታል" ብለው አህዮቻቸውን ነድተው ቀደሙን። ጓድ ወርቅአፈራሁ ትንፋሹ ተቆራርጦ የመንገዱ ዳር ላይ ተቀመጠ። መዳፉ ተልጧል።

"ጓድ ጀማሉዲን" አለ፣ "በዓይኔ አየሁ። ንፁሕ ነህ።"

እጁን ይዤ ልስም ነበር። እንባዬ መጣ። ከአሰብ የሚመጣ የጭነት መኪና ሞተሯንም እኛንም ጭኖ ደሴ ሲያደርሰን መንገዱን ሙሉ አላህን አመሰገንኩ። ረሂማም ስነግራት፣ ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ በላች።

በማግስቱ ስብሰባ ነው። በር ላይ ጓድ ወርቅአፈራሁ ጠበቀኝ፤ አዲስ ጫማ አድርጓል፣ ዓይኔን አያይም።

"ትናንት ከሰዓት ደብዳቤ ደርሶናል። ቁጥሩ በበላይ አካል ተቀባይነት አግኝቶ ለሌሎች አውራጃዎች በአርአያነት ተላልፏል። እና... አየህ ጀማሉዲን፣ ያየሁት ሌላ ነው፣ ሪፖርቱ ሌላ ነው።"

"እጅዎ እኮ ተልጧል!"

እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ገባ። ገብቶም አነበበ። በተደረገው ሁለተኛ ፈተና የሞተሯ ብቃት ዳግም እንደተረጋገጠ፣ መንገድ ላይ የቆመችውም በነጂው ሆን ተብሎ በተፈጸመ ድርጊት እንደሆነ፣ ስለዚህ ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል እንዲተላለፍ። ጎረቤታችንንም የወሰደው ይኸው "የሚመለከተው አካል" ነው። ቀጥሎ ደንቡ ስለሆነ ግለ ሂስ እንዳደርግ ተፈቀደልኝ። ግለ ሂስ ማለት ራስህን አሳጥተህ፣ አምነህ፣ ይቅርታ ሳትጠይቅ መቀመጥ ነው።

ተነሳሁ። ልሳደብ ነበር የተነሳሁት፣ አልደብቅም። አፌን ስከፍት ግን ጋሼ በላቸው መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው አየኋቸው፣ የላንድሮቨሩን ቁልፍ ጣታቸው ላይ እያዞሩ። በአላህ፣ ያኔ ነው የመጣልኝ።

"ጓዶች፣ ጥፋተኛ ነኝ" አልኩ። "ጥፋቴ ግን ከተነበበው ይብሳል። በሊትር መቶ ኪሎሜትር የመሄድን ታላቅ ልምድ ለአንዲት ሞተር ብቻ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ይህ ግለኝነት ነው! ስለዚህ ልምዱ ለመሥሪያ ቤቱ ተሽከርካሪዎች ሁሉ፣ በተለይም ለጓድ ሊቀመንበር ላንድሮቨር፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ብልቃጥ ተለክቶ፣ ኩፖኑም በዚያው ይቆረጥ ዘንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የእኔም ጉዳይ ከላንድሮቨሩ ውጤት ጋር ተነጻጽሮ ይታይ።"

ማን ይቃወም? ቁጠባን የተቃወመ ነገ እንደኔ ሊቆም ነው። ጋሼ በላቸው ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ፣ መጀመሪያ እጃቸውን አወጡ። ሥርጉት ሁለተኛ። ከዚያ ሁሉም። ጓድ ወርቅአፈራሁ መጨረሻ ላይ እጁን ሲያወጣ የተላጠው መዳፉ ታየ። አጨበጨብን፤ እሱም እያመመው አጨበጨበ።

ፈተናው በዚያው ሳምንት ሆነ። ጋሼ በላቸው ከከተማው እንደወጡ ሞተሩን አጥፍተው፣ ላንድሮቨሩን ሐረጎ ላይ ለቀቁት። ውስጥ የነበሩት የኮሚቴ አባላት ያን ቀን ያልጠሩት ታቦትና ያልጠሩት ወልይ የለም፤ ማርክሲዝሙን ማንም አላስታወሰው። ላንድሮቨሩ በሊትር ሰባ አምስት ሄደ። ጥብስ ያዘዘ ግን አልነበረም።

የላንድሮቨሩ ኩፖን በዘጠኝ ቀን አለቀ። ጓድ ወርቅአፈራሁ ኮምቦልቻ ለስብሰባ ወርዶ መመለሻ አጣ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ አጣ። በሦስተኛው በአውቶቡስ፣ በአንዲት ዶሮ ነጋዴ አጠገብ ቆሞ፣ ካኪው ላባ ብቻ ሆኖ መጣ። ሲወርድ ያየው ሁሉ ሰላምታ ሰጠው። እኔ በነዚያ ሳምንታት መኪና ደጃችን ላይ በቆመ ቁጥር ጫማዬን አደርጋለሁ፤ ረሂማ ትነሳና በሩ ጋ ትቆማለች። መኪናው ሲሄድ ተመልሳ ትቀመጣለች።

በአንድ ወር ከአምስት ቀኑ እንደገና ስብሰባ ተጠራ። የቁጠባ ኮሚቴው ሊቀመንበር ጥልቅ ጥናት አካሂዷል ተባለ። ተነሥቶ አነበበ፦ "በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ዳገት መኖሩ ስለተረጋገጠ፣ ለሁሉም ተሽከርካሪ የዳገት ማካካሻ ነዳጅ እንዲሰጥ፤ ቀደም ሲል በሞተረኛው ላይ የታየው የሃያ ስምንት ሊትር ልዩነትም በዚሁ ዳገት ምክንያት የተከሰተ ሆኖ ስለተገኘ ፋይሉ እንዲዘጋ።" ለዚህ ግኝቱ ከበላይ አካል የምስጋና ወረቀት መጥቶለት ነበር። በመስተዋት ፍሬም ገብቶ ተሰጠው። ከሁሉ አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፤ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ቤቴ ልገባ።

ረሂማ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ምን አሉህ?"

"ዳገት አለ አሉ።"

"ምን?"

"በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ዳገት መኖሩ በጥናት ተረጋገጠ። ነፃ ነኝ።"

እየሳቅኩ ነው የነገርኳት፣ አብራኝ የምትስቅ መስሎኝ። አልሳቀችም። ደፉ ላይ ቁጭ አለችና በሻሿ አፏን ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

"ረሂማ፣ አበቃ እኮ። አልሀምዱሊላህ በይ እንጂ።"

"አልሀምዱሊላህ" አለች እያለቀሰች። "አህያ የሚያውቀውን ነገር እስኪያውቁ ድረስ አንተን ሊገድሉብኝ ነበር።"

አጠገቧ ቁጭ አልኩ፤ ሳቄ የት እንደገባ እንጃ።